ኦሊምፒክ ሲመጣ ቤት ዘግቶ መሄድ ያዋጣል?

የአክስቴ ልጅ ሎስ አንጀለስ ነው የምትኖረው። እሷ ሆስፒታል ማታ ማታ ትሠራለች፣ ባሏ ኡበር ይነዳል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትንሹ አስም አለበት። ባለፈው ስንደዋወል ገና ከሰላምታው ሳንወጣ፣ «ስማ፣ ያ ኦሊምፒክ ሲመጣ ልጆቹን ይዤ ልውጣ እንዴ? እዚህ ሰው ሁሉ ከተማው ይዘጋል እያለ ነው» አለችኝ።

«ገና ነው እኮ» አልኳት።

«ላንተ ነው ገና። እኔ የዓመት ፈቃዴን ከሰው ቀድሜ ካልያዝኩ ማን ይሰጠኛል?»

እውነቷን ነው። የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከጁላይ 14 እስከ 30፣ 2028 ይካሄዳል። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 7 እስከ 23፣ 2020 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ፓራሊምፒኩ ደግሞ ከኦገስት 15 እስከ 27 ይቀጥላል። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። ለንደን በ2012፣ ፓሪስ በ2024 ነዋሪው በሙሉ ይህንኑ ሲጠያየቅ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በፊት የሆነውን እያየን ብንነጋገር ይሻላል ብዬ ነው።

ከተማው እውነት ይዘጋል?

ከተማ አይዘጋም። መንገድ ነው የሚዘጋው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሰፈር ውስጥ ሠርግ ሲኖር አስቡት። ድንኳኑ መንገድ ላይ ይተከላል። በሩ ከድንኳኑ ጀርባ የሆነ ጎረቤት ሠርጉ እስኪያልቅ መኪናውን አያወጣም። ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ያለው ሲዘፈን ያድርለታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ግን ወጥቶ ይገባል። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሠርግ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ሦስቱም «ሰፈራችን ውስጥ ሠርግ ነበር» ይላሉ። የኖሩት ግን ለየቅል ነው።

በኦሊምፒክ ጊዜ ድንኳኑ የጸጥታ ቀጠና ይባላል። በውድድር ቦታ ዙሪያ የሚታጠር፣ ያለ ፈቃድ ወይም ያለ ፍተሻ የማይገባበት ክልል ነው። ፓሪስ የመክፈቻ በዓሉን ስታዲየም ውስጥ ሳይሆን ሴን ወንዝ ላይ ለማድረግ ወሰነች። ያኔ የወንዙ ዳርና ዳር ሁሉ ድንኳን ሆነ። ከጁላይ 18 እስከ 26 ወንዙ አጠገብ የሚኖር ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ለመግባት ኢንተርኔት ላይ ተመዝግቦ ኪውአር ኮድ መያዝ ነበረበት። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ሲመለስ ስልኩን ለፖሊስ ያሳያል። እንግዳ ሊጠራ ከፈለገ እንግዳውም አስቀድሞ ይመዘገባል። እዚያው ያሉ ምግብ ቤቶች ደንበኛ አጥተው አጥሩን እያዩ ዋሉ። ከወንዙ ራቅ ያሉ ሰፈሮች ግን በዚያው ቀን የተለመደ የሐምሌ ኑሯቸውን እየኖሩ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የኦሊምፒክ መስመር ነው። ከሰፊ መንገድ ላይ አንዱ መስመር ለአትሌቶች፣ ለዳኞችና ለባለሥልጣናት ይለያል። ሌላው ሰው ከገባበት ይቀጣል። ለንደን በ2012 ወደ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲህ ያለ መስመር ነበራት። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህ አይከብደውም። የመሪዎች ጉባኤ ሰሞን «የሚከተሉት መንገዶች ለተሽከርካሪ ዝግ ይሆናሉ» የሚለውን የፖሊስ ማስታወቂያ ሲሰማ ያደገ ነው።

ሎስ አንጀለስ ላይ ድንኳኑ አንድ ቦታ አይደለም። ዋናዎቹ ዳውንታውን፣ ኤክስፖዚሽን ፓርክ ያለው ኮሊሲየም፣ ኢንግልዉድ ያለው ሶፋይ ስታዲየም፣ ካርሰን፣ ሎንግ ቢችና ሳን ፈርናንዶ ቫሊ ውስጥ ያለው ሴፑልቬዳ ቤዚን ናቸው። እንዲያውም ሶፍትቦልና የታንኳ ስላሎም ኦክላሆማ ሲቲ ነው የሚደረጉት፤ ከዚያ ማዶ፣ ሌላ ስቴት። ውድድሩ ብሔራዊ ልዩ የጸጥታ ዝግጅት ተብሎ ስለተሰየመ ጥበቃውን የሚመራው ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው ሲክሬት ሰርቪስ ነው። ይህ ማለት አጥሩ ጠንካራ፣ ዝርዝሩ ደግሞ ዘግይቶ የሚነገር ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ካርታ አውጥቶ ቤትን፣ የሥራ ቦታንና የልጆችን መዋያ ከእነዚህ ቦታዎች ጋር ማየት ነው። የአክስቴ ልጅ ቤት ከፌርፋክስ አይርቅም። ሊትል ኢትዮጵያ ያለችበት ማለት ነው። በነገራችን ላይ ምግብ ቤቶቻችን የተደረደሩበት ያ ሰፈር የሚጀምረው ኦሊምፒክ ቡልቫርድ ጥግ ላይ ነው። መንገዱ ድሮ 10ኛ ጎዳና ነበር፤ ሎስ አንጀለስ በ1932 አሥረኛውን ኦሊምፒያድ ስታስተናግድ ነው ስሙ የተቀየረው። ኦሊምፒክ ለዚያ ሰፈር እንግዳ አይደለም።

ታዲያ የተፈራው ወከባ የት ገባ?

ይህ ነገር እንቆቅልሽ ይመስላል። በ1984 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ስታዘጋጅ የሜትሮ ባቡር የሚባል ነገር የላትም። የመጀመሪያው የሜትሮ ባቡር መስመር የተከፈተው በ1990 ነው። ሁሉም ሰው መንገዱ ይቆለፋል ብሎ ጠበቀ። ድርጅቶች የሥራ ሰዓት አቀያየሩ፣ የጭነት መኪናዎች ማታ እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ፣ ብዙ ሰው ፈቃድ ወጣ። ውድድሩ ሲጀመር መንገዱ ከወትሮው ፈጠነ። የከተማው ሰው ያን ሐምሌ እስካሁን እንደ ተረት ያወራዋል። የእኛ አትሌቶች ግን አላዩትም፤ ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር አድሞ ቀርቶ ነበር።

ለንደንም እንዲሁ ሆነ። ወራት ሙሉ «ጉዞአችሁን አስቀድማችሁ አቅዱ» የሚል ዘመቻ ተካሄደ። የከንቲባው የቦሪስ ጆንሰን ድምፅ ተቀድቶ በባቡር ጣቢያዎች ይለፈፍ ነበር። ሰው ሰማ። በጣም ሰማ! የከተማው መሐል ጭር አለ። ታክሲ ነጂዎችና ባለሱቆች ገበያ ጠፋ ብለው አማረሩ። በዚያ ኦገስት ወደ ብሪታንያ የመጣው የውጭ እንግዳ ቁጥር ራሱ ካለፈው ዓመት ኦገስት ያነሰ ነበር። የኦሊምፒክ ተመልካች መጣ፤ የተለመደው ጎብኚ ግን ዋጋውንና ግርግሩን ፈርቶ ቀረ።

ምሥጢሩ ይህ ነው። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሁሉ በአንድ በር ሲወጣ አይታችኋል። ይጨናነቃል፣ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ጠበል ልጠጣ ብሎ ዘወር ቢል፣ ጥቂቱ ጥላ ሥር ቆሞ ቢጨዋወት፣ በሩ ወዲያው ይተነፍሳል። ሁሉም መቅረት የለበትም። መንገድም እንደዚያ ነው። አትላንታ በ1996 ኦሊምፒክ ስታዘጋጅ የጠዋቱ ከፍተኛ ትራፊክ የቀነሰው በ22.5 በመቶ ብቻ ነበር። የከተማው መልክ ግን ተለወጠ።

ስለዚህ ወከባው ያልመጣው ሰው ፈርቶ ስለተዘጋጀለት ነው። ፍርሃቱ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ሁሉም «ባለፈው ምንም አልሆነም» ብሎ መኪናውን ቢያወጣ ኖሮ ይቆለፍ ነበር። ለአንድ ቤተሰብ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ሌላው ሰው ብዙ ከወጣ፣ ለቀረው ከተማው ይቀልለታል።

ለባሏ ይህን ሳወራው ዝም አለ። እሱ በኦሊምፒክ ብር እንዝቃለን ብሎ አስቦ ነበር። የለንደን ታክሲዎች ነገር አልጣመውም። ማታ ማታ ከስታዲየም የሚወጣ ሰው ይኖራል፤ ቀን ግን የተለመደው ደንበኛ ሊጠፋ ይችላል። መኪና ለመቀየር ብድር ከማንሳት በፊት ይህ መታሰብ አለበት።

ቤቱን አከራይቶ መውጣትስ?

አሁን ወደ ገንዘቡ መጣን። በዚህ የታወቀች ከተማ አለች። ጆርጂያ ውስጥ ያለችው ኦጋስታ። በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ማስተርስ የሚባለው የጎልፍ ውድድር ይደረግባታል። ነዋሪው ቤቱን ለእንግዳ አከራይቶ ለአንድ ሳምንት ይወጣል። ትምህርት ቤቶቹ እንኳ የፀደይ ዕረፍታቸውን የሚያደርጉት በዚያው ሳምንት ነው። እዚያ መውጣት ጭንቀት አይደለም፣ ልማድ ነው።

የአሜሪካ የፌዴራል ግብር ሕግ ውስጥም ሰው በዚችው ከተማ ስም የሚጠራው አንቀጽ አለ። የኦጋስታ ደንብ ይሉታል። ቀላል ነው። የምትኖሩበትን ቤት በዓመት ከ15 ቀን በታች ካከራያችሁ፣ ያገኛችሁት ገንዘብ የፌዴራል የገቢ ግብር አይከፈልበትም። 14 ቀን ይፈቀዳል። 15ኛዋ ቀን ከተጨመረች ግን የ15ኛዋ ቀን ገቢ ብቻ አይደለም ግብር ውስጥ የሚገባው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ ነው። ቀኑን ቁጠሩ፦ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ 17 ቀን ነው። «ኦሊምፒኩን በሙሉ አከራያለሁ» ያለ ሰው ሦስት ቀን አተርፍ ብሎ ዋናውን ጥቅም ያጣል። የከተማና የስቴት ክፍያ ደግሞ ለብቻው ነው። ግብር የሚሠራላችሁን ሰው ጠይቁ።

ከግብሩ በፊት ግን ፈቃዱ ይቀድማል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ቤቱን ለአጭር ጊዜ የሚያከራይ ሰው እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ማከራየት የሚቻለውም ራስ የሚኖሩበትን ዋና ቤት ብቻ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። የኪራይ ጭማሪ ገደብ ያለበት ሕንፃ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም። ኢንግልዉድ፣ ሎንግ ቢችና ሌሎቹ የራሳቸው ከተማ አስተዳደርና የራሳቸው ደንብ አላቸው። ደንቡ እስከ 2028 ሊቀያየርም ይችላል።

የአክስቴ ልጅ ውሏን ከመሳቢያ አውጥታ በስልክ አነበበችልኝ። አራተኛው ገጽ ላይ ነው። ቤቱን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ክልክል። ሕንፃውም የቆየ፣ ኪራዩ የተገደበ ነው። «እንግዲህ ቀረ» አለች። ብዙ ሰው ይህን ገጽ የሚያነበው ቤቱን ኢንተርኔት ላይ ከለጠፈ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ቤት ሊያስለቅቅ ይችላል።

ቤት ያላችሁም ብትሆኑ ገንዘቡን ከኪሳችሁ ሳይገባ አትቁጠሩት። ፓሪስ ላይ እጅግ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቤቱን ለኪራይ አወጣ። መጀመሪያ የተጠራው ዋጋ ሰማይ ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ወረደ። ያልተከራየ ቤትም ቀረ። የአውሮፕላን ቲኬቱን በታሰበው ኪራይ ተማምኖ የቆረጠ ሰው ሁለት ጊዜ ከሰረ።

ልጆቹስ?

ኦሊምፒኩ የሚውለው ትምህርት ቤት ዝግ ሲሆን ነው። ችግሩ ትምህርት መቅረት ሳይሆን መዋያ ነው። የዕረፍት ጊዜ ካምፑ የት ነው? የሚወስዳቸው ማን ነው? በየትኛው መንገድ? የፓራሊምፒኩ ቀን ግን የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ከሚከፈቱበት ከኦገስት አጋማሽ ጋር ይገጥማል። የዚያን ዓመት የትምህርት ካላንደር ማየት ያስፈልጋል።

የአስሙ ነገር እሷን ከሁሉም በላይ ያስጨንቃታል። መኪና ሲበዛ ጭስ ይበዛል፣ ልጁ ይታመምብኛል ነው የምትለው። የአትላንታው ታሪክ እዚህ ላይ ይመጣል። ተመራማሪዎች በ1996ቱ ኦሊምፒክ 17 ቀናት ውስጥ የሕፃናትን የአስም ሕክምና መዝገብ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ሳምንታት ጋር አነጻጸሩ። በሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በሚሰጠው የጤና መድን፣ የሚታከሙ ልጆች ለአስም የፈለጉት ድንገተኛ ሕክምና በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ትራፊክ ቀነሰ፣ አየሩ ጠራ፣ ልጆች ተነፈሱ ተባለ።

ከዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን በሰፊው አዩት። የተበከለው አየር በዚያው ሰሞን ከአትላንታ ራቅ ባሉ ከተሞችም ቀንሶ ነበር። ኦሊምፒክ በሌለባቸው! ስለዚህ የአየሩ ጠባይም እጁ ነበረበት፣ የትራፊኩ ድርሻ እንደተባለው ግልጽ አይደለም አሉ። ለእሷ የነገርኳት ይህን ነው። ኦሊምፒክ አስም ያባብሳል ብሎ ከተማ መልቀቅ አያስፈልግም፤ ይሻለዋል ብሎ መተማመንም አይቻልም። ይልቅ በዚያ ሰሞን መድኃኒቱ ቤት ውስጥ እንዳይጎድል፣ ወደ ሐኪሙ የሚወስደው መንገድም ቢዘጋ ሌላ መንገድ መኖሩን ቀድሞ ማየት።

አደጋ ቢመጣስ?

አትላንታ ላይ ጁላይ 27፣ 1996 ሌሊት ኦሊምፒክ ፓርክ ውስጥ ቦምብ ፈንድቷል። አንዲት ሴት ተገደለች፣ አንድ የቴሌቪዥን ካሜራማን ወደ ቦታው ሲሮጥ በልብ ድካም ሞተ፣ ከ100 በላይ ሰው ቆሰለ። በማግስቱ ፋጡማ ሮባ በዚያችው ከተማ ጎዳናዎች ሮጣ ማራቶኑን አሸነፈች። ብዙዎቻችን ያን ቀን የምናስታውሰው በእሷ ነው።

አደጋ የለም ማለት አይቻልም። ግን የሚያሰጋው ቦታ ሕዝብ የሚሰበሰብበት አደባባይ እንጂ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ መኖሪያ ቤት አይደለም። ከአደባባዩ መራቅ ከከተማው መውጣትን አይጠይቅም። የስደት ጉዳያቸው ያላለቀ ቤተሰቦች ግን የፌዴራል ጥበቃ መብዛቱን ብቻ ሳይሆን ጉዞው ራሱ በአየር ማረፊያ ፍተሻ ማለፍ መሆኑን ያስቡ። ይህን ፌስቡክ ላይ ሳይሆን ጠበቃቸው ዘንድ ነው የሚጠይቁት።

መውጣት ራሱ መንገድ አለው። ፓሪስ ጁላይ 26 ጠዋት፣ መክፈቻው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት፣ የፈጣን ባቡር መስመሮች ላይ ሆን ተብሎ እሳት ተለቀቀ። በዚያ ቅዳሜና እሁድ ጉዟቸው ይስተጓጎላል የተባለው መንገደኞች 800 ሺህ ነበሩ። ግርግሩን ሽሽት የወጣው ሰው ሻንጣውን ይዞ ጣቢያ ወለል ላይ ተቀመጠ። ማታ ደግሞ የከተማዋ ሰማይ ለመክፈቻው ተዘግቶ ለሰዓታት አውሮፕላን አልበረረም። የሚወጣ ሰው ከመክፈቻው ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ቢቀድም ይሻለዋል።

ምርጫ የሌላቸውስ?

እንውጣ አንውጣ ብሎ መጠየቅ ራሱ ቅንጦት የሆነበት ሰው አለ። አትላንታ ውስጥ ቴክዉድ የሚባለው የመንግሥት መኖሪያ ሰፈር የፈረሰው ኦሊምፒኩ ሲቃረብ ነው፤ የአትሌቶች መንደር እዚያው አካባቢ ተሠራ። ፓሪስ ከውድድሩ በፊት በነበረው ዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችና ቤት አልባ ሰዎች በአውቶቡስ እየተጫኑ ወደ ሌሎች ከተሞች ተወስደዋል። የተማሪ መኖሪያ ክፍሎችም ለኦሊምፒክ ሠራተኞች ተብለው ተወሰዱ፤ ተማሪዎቹ 100 ዩሮና ሁለት የውድድር ትኬት ተሰጣቸው። ተከራይ የሆነ ሰው ከአሁኑ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ይይ። ጁን 2028 ላይ የሚያልቅ ከሆነ ቀደም ብሎ ማሳደሱ ያዋጣል።

እሷስ ምን ወሰነች?

ቁጭ ብለን ቆጠርነው። ቤቷ ከአጥር ክልል የሚገባ አይመስልም። ሆስፒታሉ ለዳውንታውን ይቀርባል፤ ግን የምትገባው ማታ፣ የምትወጣው ጠዋት ነው። ባሏ ከተማው ውስጥ መቆየት አለበት። ቤቱ አይከራይም። ለአራት ሰው በሐምሌ አዲስ አበባ መሄጃ ቲኬት ያለ ኦሊምፒክም ውድ ነው።

«ልጆቹን ይዤ እናቴ ጋ ብሄድስ? በቃ ሁለት ሳምንት፣ ዝናቡን እያየን» አለች።

«ትችያለሽ። ግን አትሌቲክሱ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በፊት ዋና ነበር የሚቀድመው፣ ይኼኛው ላይ ገልብጠውታል። ጁላይ 15 ይጀመራል፣ ያውም እዚያው አንቺ ከተማ፣ ኮሊሲየም። አዲስ አበባ ካንቺ 10 ሰዓት ይቀድማል። እዚያ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የሚሮጠውን እናትሽ ቤት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስተሽ ነው የምታዪው።»

ትንሽ ዝም አለች። ከኋላዋ ትልቁ ልጅ ቲቪ ሲከፍት ይሰማኛል።

«የአትሌቲክሱ ትኬት ስንት ነው አልከኝ?»